ደጃፋችንን ሲጠርግ የከረመው ማን ነበር?

መቼም ውጭ አገር ካለ ዘመዱ የበረዶ ፎቶ ያልተላከለት የአዲስ አበባ ልጅ ያለ አይመስለኝም። ሰፈሩ ነጭ በነጭ ሆኗል፤ ወዳጃችሁ እስከ ቅንድቡ ኮፍያ ደፍቶ ፈገግ ብሏል፤ ከኋላው መኪናዋ በረዶ ተከናንባ ቆማለች። «ወይ መታደል!» ትላላችሁ። ፎቶው ላይ የማይታይ አንድ ነገር ግን አለ። አካፋው! ያን ሁሉ በረዶ ማን እንደሚያነሳው፣ እስከ ስንት ሰዓት ማንሳት እንዳለበት፣ ካላነሳ ምን እንደሚከተለው ፎቶው አይናገርም። እኔም በዓይኔ እስካይ ድረስ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

የዛሬው ወጋችን ከሚኒያፖሊስ ነው። ሚኒያፖሊስ በሰሜን አሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት፣ የሚሲሲፒን ወንዝ ይዛ የተቆረቆረች ከተማ ናት። ከጎረቤቷ ከሴንት ፖል ጋር «መንትያዎቹ ከተሞች» ይሏቸዋል። የአገራችን ልጆች በብዛት ይኖሩባቸዋል፤ እንጀራውም ቡናውም አይጠፋም። የአክስቴ ልጅ እዚያው የሌሊት ሥራ እየሠራ ይኖራልና አንድ ክረምት እሱ ዘንድ አሳለፍኩ። ክረምት ስላችሁ ሐምሌና ነሐሴን እንዳታስቡ። የእነሱ ክረምት የሚጠነክረው እኛ ገናና ጥምቀትን ስናከብር ነው።

እኛ ከሰማይ እንደ ጠጠር ለሚወርደውም፣ ፍሪጅ ውስጥ ለሚጋገረውም «በረዶ» እንላለን። የሚኒሶታው እንደ ተነደፈ ጥጥ ድምፅ ሳያሰማ ነው የሚወርደው። ማታ ተኝታችሁ ጠዋት ስትነሱ ደረጃው የለም፣ አጥሩ አጥሯል፣ መኪናው ጉብታ ሆኗል። እዚያ ያሉ ልጆቻችን «ስኖው» ብለው ተገላግለውታል።

«ቀላል ነው» ብላችሁ እንዳትንቁት ደግሞ። እ.ኤ.አ. በ1991 ከኦክቶበር 31 እስከ ኖቬምበር 3 ባሉት ቀናት በመንትያዎቹ ከተሞች 72 ሴንቲ ሜትር በረዶ ወረደ። ቀኑ ልጆች ጭምብል አድርገው ከቤት ቤት ከረሜላ የሚለምኑበት የሃሎዊን በዓል ስለነበር፣ ያኔ ልጅ የነበሩ ሰዎች ዛሬም ያወሩታል። በዲሴምበር 2010 ደግሞ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ወርዶ ሜትሮዶም ይባል የነበረውን ትልቅ ስታዲየም ጣሪያ ቀደደው። በረዶው በቀዳዳው እንደ ዱቄት ሜዳው ላይ ሲዘረገፍ ዓለም በቴሌቪዥን አይቶታል። ስታዲየሙ በ2014 ፈርሶ በቦታው ሌላ ተሠርቷል።

ጎዶሎና ሙሉ

በሄድኩ በሳምንቴ ይመስለኛል፣ ከቀትር በኋላ የአክስቴ ልጅ ስልክ ላይ መልእክት ገባ። «የበረዶ አስቸኳይ ሁኔታ ታውጇል» ይላል። እኔ ጦርነት የተነሳ መስሎኝ ደነገጥኩ። እሱ ግን «መኪና አንሱ ነው የሚለው» ብሎ ጫማውን ማሰር ጀመረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሚኒያፖሊስ ማዘጋጃ ቤት ከ1,000 ማይል በላይ የሆነውን መንገድ ጠርጎ ለመጨረስ ሦስት ቀን ይመድባል። በመጀመሪያው ቀን ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ቀይ ምልክት በቆመባቸው ዋና ዋና መንገዶች በግራም በቀኝም መኪና ማቆም ክልክል ነው። በሁለተኛው ቀን ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት፣ በሰፈር ውስጥ መንገዶች የቤት ቁጥሩ ሙሉ በሆነበት በኩል አይቆምም። በሦስተኛው ቀን በተመሳሳይ ሰዓት ተራው የጎዶሎው ነው። ጠራጊው መኪና አንዱን ወገን ጠርጎ ሄዶ በማግሥቱ ለሌላው ይመለሳል ማለት ነው። ሰዓቶቹን በእኛ አቆጣጠር ነው የጻፍኳቸው።

እስቲ አስቡት! እኛ ቤታችንን «ከባንኩ ጀርባ፣ ከሱቁ ፊት ለፊት» ብለን ነው የምናስረዳው። እዚያ ግን የቤት ቁጥርህ ጎዶሎ ይሁን ሙሉ ካላወቅክ መኪናህ ይሄዳል። የእኛም ሄደች! የአክስቴ ልጅ በመጀመሪያው ምሽት ከዋናው መንገድ አንስቶ ቤታችን ፊት ለፊት አቆማትና «ተገላገልን» ብሎ ሥራ ገባ። ጠዋት መጥቶ ተኛ። እኔም አልቀሰቀስኩት። የቤታችን ቁጥር ሙሉ ነበር፤ ቀኑም ሁለተኛው ቀን። ከሰዓት በኋላ ብንወጣ መኪናዋ የነበረችበት ቦታ ተጠርጎ ጥቁር አስፋልት ብቻ ቀርቷል።

«ተሰረቅን!» አልኩ።

«ኧረ ታስራ ነው» አለኝ ራሱን ይዞ።

የተጎተቱ መኪኖች የሚታሰሩበት ግቢ ሄደን፣ ቅጣቱንም የመጎተቻውንም ከፍለን አስፈታናት። ሳትወጣ በቆየች ቁጥር የማደሪያ ሒሳብም ይጨመርባት ነበር። ለቤተሰብ ሊልከው ያስቀመጠው ገንዘብ እዚያው ቀለጠ። ጥፋቱ የራሳችን ስለነበር የምንከሰው ሰው እንኳ አላገኘንም።

ታሪኩን ሴንት ፖል ለሚኖር ወዳጁ ብናጫውተው ሳቀብን። ለካ ድልድዩን ስትሻገሩ ሕጉም ይለወጣል! ሴንት ፖል መንገዶቿን «የሌሊት» እና «የቀን» ብላ ከፍላ ነው የምትጠርገው። የአንዱን ከተማ ደንብ ሸምድዶ በሌላው ከተማ ማደር አያዋጣም።

ንጹሑ የእግረኛ መንገድ

የእኛ ቤት የማዕዘን ቤት ናት። የእግረኛ መንገዱ ከፊት ለፊቷም ከጎኗም ያልፋል። ከመኪናዋ ጣጣ በኋላ አንድ የሚያጽናናን ነገር ነበረን። በረዶ በወረደ ማግሥት፣ የአክስቴ ልጅ ከሌሊት ሥራው ሲመለስ፣ የእግረኛ መንገዱ ከዳር እስከ ዳር ተጠርጎ፣ ጥጉም ሳይቀር ተፍቆ ይጠብቀዋል። «አየህ? ግብር የሚከፈለው ለዚህ ነው» ይለኛል። እኔም ለሸገር ጓደኞቼ በስልክ አወራሁ፦ «እዚህ ማዘጋጃ ቤቱ እኮ ሳትነሳ በርህን ጠርጎልህ ይሄዳል!»

ሁለት ጊዜ እንደዚህ ሆነ። በሦስተኛው ጊዜ በረዶው ወረደ፤ ጠራጊ ግን አልመጣም። «ነገ ይመጣሉ» አልን። በማግሥቱም አልመጡም። እኛ በላዩ ተመላለስንበት፣ ፖስተኛው ተመላለሰበት፣ ውሻ የሚያናፍሱ ሰዎች ሄዱበት። የተረገጠ በረዶ ደግሞ ይጠቀጠቃል። ቀን ፀሐይ ነካ ታደርገውና ማታ እንደገና ይረጋል። በሦስተኛው ቀን ደጃፋችን መስታወት ሆነ። ብርዱ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ነበር።

በዚያው ሰሞን አከራዩ ደወለ። ከከተማው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶታል። «የእግረኛ መንገዱ አልተጠረገም፤ ካልጠረጋችሁ የከተማው ሠራተኞች ጠርገው ሒሳቡን ይልኩልኛል። ካልከፈልኩ ከቤት ግብሬ ላይ ይጨምሩታል» አለ። የአክስቴ ልጅ ተገርሞ «ይህ የማዘጋጃ ቤት ሥራ አይደለም እንዴ?» ቢለው፣ ሰውየው ዝም ብሎ ቆየና «ውሉን አንብበኸዋል?» አለው።

ውሉን ከመሳቢያ አወጣነው። ፊርማው የእሱ ነው። አንዱ አንቀጽ ላይ የሣር አጨዳና የበረዶ ጠረጋ የተከራዩ ኃላፊነት እንደሆነ ተጽፏል። በከተማው ደንብ ተጠያቂው ባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ ደግሞ በውሉ ሥራውን ለእኛ አስተላልፎልናል።

ታዲያ እስካሁን ማን ነበር የሚጠርግልን?

የታሰረው እጅ

አካፋ ስላልነበረን ለመዋስ ከጎናችን ያለውን ቤት አንኳኳን። ሽማግሌ ባልና ሚስት ይኖሩበታል። ከእጅ ሰላምታ ያለፈ ነገር አልነበረንም። በሩን የከፈቱት ሴትዮዋ ናቸው፤ ቀኝ እጃቸው አንጓው ላይ በፋሻ ታስሯል።

የአክስቴ ልጅ ነገሩን ቀለል ለማድረግ «ማዘጋጃ ቤቱ በዚህ ሳምንት ሳይሰንፍ አልቀረም፣ አካፋ እንዲያውሱን ነበር» አላቸው። እሳቸው መጀመሪያ አልገባቸውም። ኋላ ገባቸውና ፈገግ አሉ።

«እሱ እኮ ነው ሲጠርግላችሁ የነበረው። ባለቤቴ። ሌሊት ሠርታችሁ ስለምትገቡ ይተኙ ብሎ ነው።»

አንባብያን፣ የዚያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠን ደስ ባለን! ሽማግሌው ዕድሜያቸው ከ70 ያልፋል። ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ተነስተው መጀመሪያ የእኛን፣ ቀጥለው የራሳቸውን ይጠርጉ ነበር። ሐኪም በልባቸው የተነሳ አካፋ እንዳይነኩ ካዘዛቸው ዓመት አልፏል፤ እሳቸው ግን አልሰሙም። ሦስተኛው በረዶ በወረደበት ሌሊት ታመው ሆስፒታል ገቡ። ሴትዮዋም በማግሥቱ ሊጠይቋቸው ወደ አውቶቡስ ፌርማታ ሲሄዱ የማዕዘኑ ጥግ ላይ ተንሸራተው እጃቸው ወለም አላቸው። የማዕዘኑ ጥግ የማን ነው? የእኛ!

ሴትዮዋ ግን «በእናንተ በር ነው የወደቅኩት» አላሉንም። እኛ ነን አይተን ያወቅነው። አካፋውን አውሰውን፣ አንድ ባልዲ አሸዋም ጨምረው ሰጡን። «በረዶውን ወደ መኪና መንገዱ አትወርውሩት፣ ክልክል ነው። ጠራጊው መኪና መልሶ ያመጣባችኋል» ብለው መከሩን።

የአክስቴ ልጅ እስኪመሽ አልተናገረም። ኋላ አካፋውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ «ፈረንጅ ጎረቤት አያውቅም ስንል አልነበር?» አለኝ። አልመለስኩለትም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል እያልን ያደግን ልጆች፣ የቅርቡ ጎረቤታችን ለእኛ ጎንበስ ቀና ሲል ከርሞ ስሙን እንኳ አናውቅም ነበር።

የጎማው የከተማው፣ የእግሩ የነዋሪው

ከዚያ በኋላ ደንቡን ጠይቄ ተረዳሁ። ባጭሩ ጎማ የሚሄድበትን ከተማው ይጠርጋል፤ እግር የሚሄድበትን ነዋሪው። በሚኒያፖሊስ በረዶው መውረድ ካቆመ በኋላ የአንድና የሁለት ቤተሰብ ቤቶች በ24 ሰዓት ውስጥ ደጃፋቸውን መጥረግ አለባቸው። አፓርታማዎችና የንግድ ቤቶች የሚሰጣቸው 4 የቀን ሰዓት ብቻ ነው። አጠራረጉም «እግር ማሳለፊያ» አይደለም፤ መንገዱ በሙሉ ስፋቱ፣ ሲሚንቶው እስኪታይ ነው። የማዕዘን ቤት ያለው ደግሞ ዊልቼር የሚወርድበትን ጥግ ጨምሮ ይከፍታል። ዊልቼር ላይ ላለ ሰው አንድ ያልተጠረገ ደጃፍ ማለት የተዘጋ ከተማ ማለት ነው። ሌላው ጎረቤት ሁሉ ጠርጎ አንዱ ቢሰንፍ መንገዱ እዚያች ላይ ያበቃል።

በሚኒያፖሊስ መሀል ከተማ ይህ ችግር ብዙም አይታይም። ሕንፃዎቹን ሁለተኛ ፎቅ ላይ በመስታወት ድልድይ አያይዘዋቸዋል፤ «ስካይዌይ» ይሉታል። የመጀመሪያው በ1962 ተሠርቶ ዛሬ ጠቅላላ ርዝመቱ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ደርሷል። ካፖርት ሳትለብስ ከቢሮ ምሳ ቤት፣ ከምሳ ቤት ባንክ ትሄዳለህ። የመኖሪያ ሰፈር ስትገባ ግን መስታወት የለም፤ የምትሄደው በጎረቤትህ አካፋ ነው።

ሁሉም ከተማ እንደዚህ ነው ማለቴ አይደለም። ካናዳ ውስጥ ሞንትሪያል የእግረኛውንም መንገድ ማዘጋጃ ቤቱ ራሱ በትንንሽ ጠራጊ መኪኖች ይጠርጋል። የቆሙ መኪኖች እንዲነሱም ሳይረን ያስጮሃል። የአገራችን ሰው በብዛት በሚኖርባት ዋሺንግተን ዲሲ ደግሞ ሥራው የነዋሪው ነው። በረዶው ካቆመ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ 8 የቀን ብርሃን ሰዓታት ውስጥ ካልተጠረገ መኖሪያ ቤት 25 ዶላር ሊቀጣ ይችላል፤ ዕድሜያቸው 65 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ ባለቤቶችና አካል ጉዳተኞች ግን ከቅጣቱ ነፃ ናቸው። የምትሄዱበትን ከተማ ደንብ መጠየቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

በረዶ አገር ለምትሄዱ

እኛ በገንዘብም በእፍረትም የተማርነውን እናንተ በነፃ ውሰዱት።

አንደኛ፣ የኪራይ ውላችሁን ሳታነቡ አትፈርሙ። በረዶውን ማን እንደሚጠርግ፣ አካፋና ጨው ማን እንደሚገዛ አስቀድማችሁ ጠይቁ። የማዕዘን ቤት ከሆነች ሥራው እጥፍ መሆኑን አትርሱ።

ሁለተኛ፣ የቤት ቁጥራችሁ ጎዶሎ ይሁን ሙሉ ዕወቁ። ከተማው የሚልከውን የስልክ መልእክት ተመዝገቡ። ሳይገባችሁ ቀርቶ እንደሆነ ጠይቁ እንጂ በግምት አታቁሙ።

ሦስተኛ፣ በረዶውን ሳይረገጥ ቅደሙት። ትኩሱ እንደ ዱቄት ይገፋል፤ የተረገጠው በዶማም አይነሳ። ብዙ ከወረደ አቁሞ እስኪጨርስ አትጠብቁ፤ ሁለት ሦስቴ ብትወጡ ይሻላል።

አራተኛ፣ ግፉት እንጂ አታንሱት። ማንሳት ግድ ከሆነ ከጉልበታችሁ በርከክ ብላችሁ፣ በትንሽ በትንሹ። በብርድ በረዶ መዛቅ ለልብ ከባድ ሥራ ነው። ደረታችሁን ጨምደድ ካደረጋችሁ ወይም ትንፋሽ ካጠራችሁ ወዲያው አቁማችሁ እርዳታ ጥሩ። «ወንድ ነኝ» ማለት እዚያ አይሠራም።

አምስተኛ፣ ጨው አታብዙ። ብርዱ ከዜሮ በታች 9 ዲግሪ አካባቢ ሲያልፍ ተራው ጨው ጉልበቱ ይደክማል፤ ያን ጊዜ የሚያዋጣው አሸዋ ነው። ጨው ደግሞ ቀልጦ የሚገባው ሐይቅ ውስጥ ነው። የሚኒሶታ የብክለት መቆጣጠሪያ መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው 19 ሊትር ያህል ውኃ ለዘለቄታው ይበክላል። ሚኒያፖሊስ ለነዋሪዎቿ አሸዋ በነፃ ታድላለች፤ ባልዲና አካፋ ይዞ መሄድ ብቻ ነው።

ስድስተኛ፣ መኪናችሁ በረዶ ውስጥ ቆማ ካደረች ሞተር ከማስነሳታችሁ በፊት የጭስ ማውጫውን ጥረጉ። ከተደፈነ ሽታ የሌለው መርዛም ጋዝ ወደ ውስጥ ገብቶ ይገድላል።

ሰባተኛ፣ በረዷማ መንገድ ላይ እጃችሁን ከኪስ አውጡ። እርምጃችሁን አሳጥሩ፤ እንደ ዳክዬ መሄድ ነው እንግዲህ። ማንም አይስቅባችሁም፤ ሁሉም እንደዚያው ነው የሚሄደው።

ስምንተኛና ዋናው፣ የጎረቤታችሁን በር አንኳኩ። ሽማግሌ ካለ፣ ነፍሰ ጡር ካለች፣ ደጃፋቸው ላይ አሥር ደቂቃ ብትጨምሩ ምንም አትሆኑም።

ይህን ሳነብ «በረዶ ከሌለበት አገር ምን አገባን?» የሚል አይጠፋም። ወንድሜ፣ ሐምሌ ላይ ከአጥርህ ሥር ያለውን ቦይ አስበው። በፌስታልና በቆሻሻ ተደፍኖ ጎርፉ የታችኛው ሰው ቤት ሲገባ፣ «ማዘጋጃ ቤቱ የት ሄደ?» ብለን ነው የምንጮኸው። ማዘጋጃ ቤቱ ይጠየቅ፣ አዎ! ዋናውን ቦይ ይጥረግ። በእኔና በአንተ በር ፊት ያለችውን አንዲት ሜትር ግን ማን ነው የደፈናት?

ወደ ሚኒያፖሊስ ልመልሳችሁና ላብቃ። ሽማግሌው በሁለተኛው ሳምንት ከሆስፒታል ወጡ። አካፋ ግን ተከለከሉ፤ በዚህኛው ጊዜ የከለከሏቸው ሚስታቸው ስለሆኑ አልደፈሩም። በረዶ ሲወርድ የአክስቴ ልጅ ከሥራ እንደገባ ሳይተኛ፣ እኔም ከብርድ ልብሴ ወጥቼ፣ መጀመሪያ የእነሱን፣ ቀጥለን የእኛን እንጠርግ ጀመር። መንገድ ዳር ያለውን የእሳት አደጋ ውኃ መቅጃ ቧንቧ ዙሪያም እንከፍታለን፤ በረዶ ውጦት ከቆየ በክፉ ቀን ፈልጎ ማግኛ የለውማ።

አንድ ቀን ጨርሰን አካፋውን ትከሻችን ላይ አድርገን ልንገባ ስንል የመስኮት መስታወት ተንኳኳ። ቀና ብንል ሽማግሌው ጋቢ የመሰለ ብርድ ልብስ ተከናንበው ቆመዋል። «አመሰግናለሁ» ሊሉን መስሎን እጃችንን አውለበለብን። እሳቸው ግን ጣታቸውን ወደ ማዕዘኑ ጥግ ቀስረው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ዊልቼር የሚወርድበትን ጥግ ረስተነው ኖሯል!

የአክስቴ ልጅ አካፋውን ከትከሻው አወረደና «ና እንጂ» አለኝ፣ «ማዘጋጃ ቤቱ ተቆጥቷል!»